የአንድ ዩዝኔት አካውንት ኮኔክሽን ለሦስት ኮምፒውተር

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ሰላም ለቤቱ። አንድ ዴስክቶፕና ሁለት ላፕቶፕ በአንድ ራውተር ላይ አሉ። የኒውስግሩፕ (የዩዝኔት፣ በኢንተርኔት ጽሑፍና ፋይል የሚለዋወጡበት መድረክ) አካውንታችን 20 ኮኔክሽን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ከሰርቨሩ ጋር የሚከፈት መስመር፣ ይፈቅዳል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ደህና ነው፤ ሦስተኛው ሲከፈት 502 (ኮኔክሽን በዛ) የሚል ስሕተት ያመጣል። ራውተሩ ላይ የሚስተካከል ነገር ይኖራል?

መልስ (ከፒያሳ)፦ ወንድሜ፣ ራውተሩ ምንም አላጠፋም። የሚቆጥረው ሰርቨሩ ነው፣ በአካውንቱ ስም። ሦስቱም ላይ 10 10 ሞልተህ ከሆነ ሁለቱ 20ውን ይጨርሱታል፤ ሦስተኛው ይመለሳል። ለዴስክቶፑ 8፣ ለላፕቶፖቹ 5 5 ስጥና 2 ትርፍ ተው። ትርፉን አትናቀው፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ሳይሰናበት ስለሚወጣ ሰርቨሩ የቀድሞውን ኮኔክሽን ለጥቂት ደቂቃ እንደተያዘ ይቆጥረዋል። መብራት እንደመጣ 502 ካየህ ሴቲንጉን አትነካካ፣ ትንሽ ጠብቅ። ፖርቱም (የሰርቨሩ መግቢያ ቁጥር) 563 ይሁን፤ በ119 ፓስዎርዱ ሳይመሰጠር ነው የሚሄደው።

መልስ (ከማራኪ)፦ ማካፈሉ ይሠራል፤ ግን ላፕቶፖቹ ሲዘጉ ድርሻቸው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። እኔ የምመርጠው ከ2ቱ ትርፍ በቀር ኮኔክሽኑን በሙሉ ለዴስክቶፑ መስጠት ነው። ከዩዝኔት ፋይል የሚያወርደውን ሳብኤንዜድቢ የተባለ ፕሮግራም እሱ ላይ ጫን፤ ራውተሩ ላይ ቋሚ አድራሻ ያዝለት፣ ለምሳሌ 192.168.1.10። ላፕቶፖቹ በብራውዘር 192.168.1.10:8080 ብለው ገብተው ሥራውን ያዛሉ፤ የወረደውን ደግሞ ሼር ከተደረገ ፎልደር ይወስዳሉ። መስመሩ ቀጭን ከሆነ 18ም አያስፈልግም። ከ4 ጀምረህ አንድ አንድ ጨምር፣ ፍጥነቱ መጨመር ሲያቆም እዚያው ተው።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ዴስክቶፑ ላይ ገጹ ይከፈታል፣ ላፕቶፑ ላይ ግን እምቢ አለ።

መልስ (ከማራኪ)፦ ፕሮግራሙ 127.0.0.1 ላይ ስለተቀመጠ የሚሰማው ራሱን ብቻ ነው። ጄኔራል ከሚለው ገጽ ሆስቱን 0.0.0.0 አድርግና ዘግተህ ክፈተው። ፋየርዎሉም 8080ን ለቤት ኔትወርክ ይፍቀድ። ዩዘርኔምና ፓስዎርድ ሙላ፤ ይህን ፖርት ግን ራውተሩ ላይ ወደ ውጭ በፍጹም እንዳትከፍተው።

መልስ (ከአራዳ)፦ የምታነቡት የጽሑፍ ግሩፕ ብቻ ከሆነ ሊኑክስ ላይ ሊፍኖድ የተባለ ትንሽ የኒውስ ሰርቨር ጫኑ። ጽሑፉን አንዴ ያወርድና ለሦስቱም ከቤት ያድላል፤ ኔት ቢጠፋም ይነበባል። አዲስ ግሩፕ ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታዩት አንድ ማሳወቂያ ብቻ ነው፤ እሱን ክፈቱትና ጽሑፍ የሚያመጣውን የሊፍኖድ ትእዛዝ፣ ፌችኒውስን፣ እንደገና አስኪዱ፣ ጽሑፎቹ ያን ጊዜ ይገባሉ።