«ትዕግሥቱ አልቋል»? ስለ ፈንታሌው ርዕደ መሬት የተሰበከው ነገር

ማኅቶት፦ በ2017 በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ የተሰበከ ስብከት ሰሞኑን እንደገና ሰው እየተቀባበለው ነው። «አዲስ አበባ ሆይ፣ የእግዚአብሔር ትዕግሥት አልቋል» ይላል ሰባኪው፤ ሕዝቡም አሜን ይላል። በምኑ ላይ ነው አሜኑ? ቤቱ ፈርሶበት ከቀየው የተነሣው የአፋርና የከረዩ አርብቶ አደር ነው፤ የሚገሠጸው ደግሞ የቦሌ ጭፈራ ቤት! አንዱን ተቆጥቶ ሌላውን የሚመታ አምላክ ነው የሚሰብኩልን? ሉቃስ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው 18 ሰዎች ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ጌታ ራሱ ተናግሯል እኮ።

ቤርያዊ፦ ጥቅሱን ከወገቡ ቆረጥከው። ቀጥሎ «ንስሐ ባትገቡ ሁላችሁ እንዲሁ ትጠፋላችሁ» ይላል፤ ሰባኪውም ያለው ይህንኑ ነው። አሞጽ 4ን አንብብ። መጀመሪያ ረኀብ፣ ከዚያ ለመከር ሦስት ወር ሲቀር የተከለከለ ዝናብ፣ ከዚያ ዋግና አንበጣ፣ ከዚያ ቸነፈርና ሰይፍ፣ በመጨረሻ እንደ ሰዶም መገልበጥ። በየደረጃው «እናንተ ግን ወደ እኔ አልተመለሳችሁም» ይላል፤ አምስት ጊዜ።

የቆሎ ተማሪ፦ አምስቱን ከቆጠርክማ መልሱን ራስህ ሰጠኸን። አንዱ አልሆን ሲል ሌላ የሚሞክር አባት ትዕግሥቱ አለቀ አይባልም። ቁጣው የሚፈልገው መመለስን ነው። እኔን የከነከነችኝ «አልቋል» የምትለዋ ቃል ናት። ትዕግሥት ተሰፍሮ የሚያልቅ የጤፍ ኩንታል ነው? ዳዊት በግእዙ መዝሙር 102 «ርኁቀ መዓት» ይለዋል፤ መዓቱ ሩቅ የሆነ። ዕብራይስጡ ደግሞ «ኤሬክ አፓይም» ነው፤ ቃል በቃል «ረጅም አፍንጫ»። በዕብራይስጥ አፍንጫና ቁጣ በአንድ ቃል ይጠራሉና። አንዱ ስለ ርቀት፣ አንዱ ስለ ርዝመት ተናገረ። ስለ ስፍር ማን ተናገረ?

ቤርያዊ፦ ሩቅም መንገድ ያልቃል፤ መንገደኛ ይደርሳል። ዘፍጥረት 6፥3 ላይ 120 ዓመት ተቆረጠ፤ 7፥16 ላይ የኖኅ መርከብ በር ተዘጋ። ኤርምያስ 15፥6 ላይ ደግሞ መራራት እንደ ታከተው ራሱ ይናገራል። ይሄ «አልቋል» ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ሰሎሜ፦ 120ው የቀጠሮ ጊዜ ነው ወይስ የሰው ዕድሜ የሚለው ራሱ ያከራክራል። ቀጠሮ ነው ካልን ጥፋት ውኃ የመጣው ኖኅ 600 ዓመት ሲሞላው ስለሆነ (7፥6) ቃሉ የተነገረው በ480 ዓመቱ ነው ማለት ነው። መርከቡ ካለቀ በኋላም 7 ቀን ተጨምሯል (7፥4)። ቤርያዊ ይህቺን 7 ቀን ለምን ዘለልካት?

የቆሎ ተማሪ፦ እግዜር ይስጥሽ እኅቴ። ዘፍጥረት 15ንም ጨምሩበት። አብርሃም ዘርህ 400 ዓመት ይጠብቃል የተባለው ለምንድን ነው? ምድሪቱ ላይ የነበሩት «የአሞራውያን ኃጢአት ገና አልተፈጸመም» ተብሎ ነው። እዚያ የሚሞላው የሰው ኃጢአት ነው፤ የሚያልቅ የእግዚአብሔር ትዕግሥት አልተጻፈም።

ባለ ሚዛን፦ ለአሞራዊው ምን ይፈይድለታል? ሞላም አለቀም ሰይፉ ያው ነው።

የቆሎ ተማሪ፦ ለአሞራዊው አይፈይድ ይሆናል፤ ለሰባኪው ግን ይፈይድለታል። «ኃጢአት በዝቷል» የሚል የሚያየውን ተናገረ። «ትዕግሥቱ አልቋል» የሚል ግን የእግዚአብሔርን ልብ ገብቼ አየሁ እያለ ነው። ለዚህ ነቢይ መሆን ያስፈልጋል። ዮናስ እንኳ ነቢይ ሆኖ የቆረጠው ቀን አለፈ፣ ትጠፋለች ያላት ነነዌ ቆመች፣ እሱ ተናዶ ቁጭ አለ።

ቤርያዊ፦ አዎ፤ 40 ቀን ሰጣቸው፣ ተመለሱ፣ ዳኑ።

የቆሎ ተማሪ፦ በሰባው ሊቃናት የግሪክ ትርጉም 3 ቀን ነው።

ቤርያዊ፦ ዕብራይስጡ 40 ይላል። ከሦስት ቀኑ ጾመ ነነዌያችሁ ጋር እንዲገጥም ቍጥር አትቀይሩ።

የቆሎ ተማሪ፦ ሰባው ሊቃናት የተረጎሙት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። ያኔ ጾመ ነነዌን ማን ይጾም ነበርና ነው ለሱ ብለው የሚቀይሩት?

ባለ ሚዛን፦ በ3ም በ40ም ነነዌ በ612 ከክርስቶስ ልደት በፊት ፈርሳለች። የሚገርመው ጥፋቷን የተነበየው ናሆም 1፥3 ላይ «ለቍጣ የዘገየ» ይላል፤ ዮናስ 4፥2 ላይ ለምን መሓሪ ሆንክ ብሎ ያማረረበት ቃል እኮ ነው። ያው ቃል ለአንዱ ትውልድ ምሕረት፣ ለሌላው የፍርድ መቅድም ሆነ። ስለዚህ የዘገየ ቀረ ማለት አይደለም። ቤርያዊን እዚህ ላይ እደግፈዋለሁ።

ማኅቶት፦ እኔ ደግሞ አንድ ያልገባኝ አለ። ቁጣው ሁሉ በመስቀል ላይ ፈሰሰ፣ ዕዳው ተከፈለ የምትሉት እናንተው ናችሁ፣ ቤርያዊ። ታዲያ የፈንታሌው የምን ቀሪ ሂሳብ ነው?

ቤርያዊ፦ ለሚያምን ነው የተከፈለው። ዮሐንስ 3፥36 የማያምነው ላይ ቍጣው «ይኖራል» ይላል።

የቆሎ ተማሪ፦ አብ በወልድ ላይ ተቆጣ የሚል ቃል የት አለ?

ቤርያዊ፦ ኢሳይያስ 53፥10። «እግዚአብሔርም በደዌ ያደቅቀው ዘንድ ፈቀደ»።

የቆሎ ተማሪ፦ «ፈቀደ» ይላል። «ተቆጣ» የሚለውን ከየት አመጣኸው? ሮሜ 3፥25ንም ስታነብ ተጠንቀቅ፤ የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «በእግዚአብሔር ችሎታ» ሲል ብዙ ሰው ኃይል ይመስለዋል። መቻል፣ ታግሦ ማለፍ ማለት ነው። 2፥4 ላይ «የመቻሉን» ያለውም እሱኑ ነው፤ ዓላማውንም እዚያው ይነግርሃል፦ ወደ ንስሐ ሊመራህ።

ባለ ሚዛን፦ መቅሠፍት ሲመጣ ቤተ ክርስቲያንስ ምሕላ ታውጅ የለም? 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚባለው ቁጣ ከሌለ ለምንድን ነው?

የቆሎ ተማሪ፦ ቁጣ የለም ማን አለ? ግን «መሐረነ» ነው የሚባለው፣ ማረን። ማራቸው አይደለም። ዳንኤል 9ም «ኃጢአትን ሠርተናል» ይላል፤ ጻድቁ ራሱን ከሕዝቡ ጋር ቆጥሮ። ያንተ ሰባኪ ግን ራሱን ከቍጥር አውጥቶ ጣቱን ቦሌ ላይ ቀሰረ።

ማኅቶት፦ ደግሞ የመሬቱ ምክንያት የታወቀ ነው፤ ከሥር ቅልጥ ዐለት ስንጥቁን እየከፈተ ሲሄድ ነው ያንቀጠቀጠው። 1ኛ ነገሥት 19ም «እግዚአብሔር በምድር መናወጥ ውስጥ አልነበረም» ይላል።

ቤርያዊ፦ ያ ለኤልያስ ነው። ዘኍልቍ 16 ላይ ምድር አፏን ከፍታ በሙሴ ላይ ያመፀውን ቆሬን አልዋጠችም? እዚያ እግዚአብሔር አልነበረም?

ሰሎሜ፦ ነበረ። ግን ቅደም ተከተሉን እየው። ሙሴ መጀመሪያ እነማን እንደሆኑ ለየ፣ ሕዝቡን ከድንኳናቸው አራቀ፣ እነዚህ እንደ ሰው ሁሉ ከሞቱ እግዚአብሔር አልላከኝም አለ (16፥29)፤ ከዚያ ነው ምድር የተከፈተችው። ራሱን አስይዞ አስቀድሞ ተናገረ። የኛው ሰው ግን ከተንቀጠቀጠ በኋላ መጥቶ ምክንያቱን ይደለድላል። ቢሳሳት ምን ያጣል?

ቤርያዊ፦ ስለዚህ ነቢይ እስኪመጣ ሁሉም ዝም ይበል?

ማኅቶት፦ ሉቃስ 13ን ቀጥልበት እንጂ፤ ከግንቡ ቀጥሎ በለሷ ናት። ጌታዋ 3 ዓመት መጥቶ ፍሬ አጣባት፣ ቁረጣት አለ። አትክልተኛው «ዘንድሮ ደግሞ ተዋት»፣ ዙሪያዋን ልኮትኩትላት፣ ፋንድያ ላፍስስላት አለ። ሰባኪ ነኝ የሚል ፋንድያውን ይሸከም።

ቤርያዊ፦ «ዘንድሮ» እኮ ነው የተባለው። ዘንድሮ ጳጉሜን ላይ ያልቃል። «ያለዚያ ግን ትቆርጣታለህ» የሚለውንስ?

የቆሎ ተማሪ፦ «ትቆርጣታለህ» አለ እንጂ «እቆርጣታለሁ» አላለም። ያን ጊዜም አትክልተኛው መጥረቢያውን አልያዘም።

ቤርያዊ፦ አሁን ደግሞ እርባ ግሥ ሊያስተምረን ነው።