ክርክር፦ «አማር አክባር አንቶኒ» ሃይማኖቶችን እኩል አደረገ ወይስ አንዱን ታላቅ ወንድም?

ጥያቄ አቅራቢ፦ የህንድ ፊልም እያየን ያደግን ሁሉ ይህን እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ የማንሞሃን ዴሳይ ፊልም እናስታውሳለን። ላላያችሁት ባጭሩ፦ አንድ አባት ሦስት ልጆቹን በህንድ የነጻነት ቀን ጋንዲ ሐውልት ሥር ትቷቸው ይሄዳል። ልጆቹ ይበታተናሉ። አማርን ሂንዱ ፖሊስ፣ አክባርን ሙስሊም ልብስ ሰፊ፣ አንቶኒን የካቶሊክ ቄስ ያሳድጓቸዋል። ፊልሙ እስከዛሬ የሃይማኖት እኩልነት ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል። ይገባዋል?

የታሪክ መምህር፦ አይገባውም። ሦስቱም ከሂንዱ ወላጆች የተወለዱ ናቸው። ሂንዱ ሆኖ ያደገው ታላቅየው ነው፤ ኢንስፔክተሩም እሱ ነው፣ ሕጉ በእጁ ነው። ሙስሊሙ ዘፋኝ፣ ክርስቲያኑ አረቄ ቤት ያለው ተደባዳቢ ነው። ዘመኑንም እዩት። ኢንድራ ጋንዲ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስትገዛ፣ በ1976 ህንድ ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩባት ሀገር መሆኗ በሕገ መንግሥቱ መግቢያ ተጻፈ። ፊልሙ በዓመቱ መጣ። ሙስሊሙ ወንድም የሚሆነው በደሙ ሂንዱ ስለሆነ ከሆነ፣ በደሙም ሙስሊም የሆነው ጎረቤትስ ምን ሊሆን ነው?

የካዛንቺስ ልጅ፦ በመምህሩ ላይ አንድ ልጨምር። ፍቅረኞቻቸውን ተመልከቱ። አማር ከሂንዷ፣ አክባር ከሙስሊሟ፣ አንቶኒ ከክርስቲያኗ ጋር ነው። አንድም አጥሩን የዘለለ የለም።

ነርሷ፦ ይቅርታ መምህር፣ ደሙን ያነሱት እርስዎ ስለሆኑ እዚያው ላይ ልቆይ። እናትየው መኪና ገጭቷት ሆስፒታል ትገባለች። ሦስቱ ጎን ለጎን ተኝተው፣ ደማቸው በቱቦ ወጥቶ በቀጥታ ለእሷ ይሄዳል። በሙያዬ እንዲህ አይደረግም፤ ደም መጀመሪያ ይመረመራል፣ ዓይነቱም ይመሳከራል። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እናታቸው መሆኗን አያውቁም። እርስ በርሳቸውም ወንድማማች መሆናቸውን አያውቁም። ለማያውቋት ሴት ነው ክንዳቸውን የዘረጉት። ያንን ለመስጠት ዝምድናው አላስፈለጋቸውም።

የታሪክ መምህር፦ እህቴ፣ እነሱ ባያውቁም ተመልካቹ ያውቃል። ተመልካቹን የሚያስለቅሰው ልጆቿ መሆናቸው ነው።

ነርሷ፦ እኔን ያስለቀሰኝ ሌላ ነው። ልብስ ሰፊው የማንን ልጅ ነው ያነሳው? የሰው ልጅ ነው! ቄሱም እንደዚያው። ዘሩን ማን ጠየቀ? አብልተው፣ አስተምረው፣ ስም ሰጥተው አሳደጉ። እርስዎ ወላጆቹን ብቻ ቆጠሩ። ያሳደገ አባት አይደለም እንዴ?

የካዛንቺስ ልጅ፦ እዚህ ላይ ከነርሷ ጋር ነኝ። መጨረሻውንም ተዉት አትበሉ። ቤተሰቡ ሲገናኝ አክባርን «ሂንዱ ነህና ተመለስ» ያለው የለም። አንቶኒም አንቶኒ ሆኖ ቀረ። ዛሬ እኮ በህንድ የሂንዱ ብሔርተኞች ሙስሊሞችንና ክርስቲያኖችን «ወደ ቤታችሁ ተመለሱ» እያሉ ሃይማኖት የሚያስለውጡበት ዘመቻ አለ። የፊልሙ እናት ልጆቿን ስታገኝ ይህን አልጠየቀችም። ለኔ ከደሙም ከዘፈኑም የሚበልጠው ይሄ ነው።

ጥያቄ አቅራቢ፦ መምህር፣ ይህኛውን እንዴት ያዩታል?

የታሪክ መምህር፦ እናትየው አለመጠየቋ ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። ስለ ልብስ ሰፊውም ነርሷ ያለችው እውነት ነው። የኔ ቅሬታ ፊልሙ እሱን መሃል አለማድረጉ ነው። ታሪኩ የሚሮጠው ወላጆቹን ለማገናኘት ነው። ለቄሱ የደረሰው መገደል ነው። አሳዳጊዎቹን ዋና አድርጎ የሚተርክ ፊልም ቢሠራ፣ በደሙም ሙስሊም ለሆነው ጎረቤት መልስ ይኖረው ነበር።

ነርሷ፦ መልሱን ልብስ ሰፊው ሰጥቶታል መምህር። ልጁን ያነሳው የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ነው።