የትሬለሬ ሸራ ግማሽ ላይ ተሰክቶ ቀረ፣ ንፋስ እየመጣ ነው!

የቬጋስ ሹፌር (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖቼ፣ አስቸኳይ ነው። ላስ ቬጋስ አጠገብ ሌክ ሚድ ሐይቅ ዳር ቦልደር ቢች ካምፕ ላይ ነን። ነገ እንቁጣጣሽ ነው፣ ዛሬ ማታ ሦስት ቤተሰብ እንግዳ ይመጣል። ልጆቹ "ችቦ ካልበራ" ብለው አስቸገሩኝ። በዚህ ደረቅ በረሃ ችቦ አይታሰብም። ስለዚህ በችቦው ፈንታ የትሬለሩ አውኒንግ ላይ (ከግድግዳው የሚዘረጋው የጥላ ሸራ ማለት ነው) መብራት ልሰቅልላቸው ጀመርኩ። የከሰዓቱ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለሚያቃጥል የጥላ መረብም ገዝቻለሁ። መረቡ ሸራው የሚጠቀለልበት ቱቦ ላይ ባለው ቦይ ግማሽ ድረስ ገባና ተቀረቀረ። አልገባም አልወጣም አለ። ከዚያ ድንገት ንፋስ ተነሳ። ደንግጬ ሸራውን ልጠቅልል ብዬ በተኑን ተጫንኩት። አንድ ዙር ዞረና ቆመ። የቀኙ ክንድ ገባ ብሏል፣ የግራው እንደተዘረጋ ነው። አሁን ስጫነው ያጉረመርማል እንጂ አይንቀሳቀስም። ከተራራው በኩል ደመና ጠቁሯል። የምታውቁ ቶሎ በሉ።

የዴንቨሯ፦
የእጅ ነው ወይስ የኤሌክትሪክ? ስንት ዓመቱ ነው? ፎቶ አንሳልን እስቲ።

አቡሽ ሲያትል፦
በተን ተጫንኩ አለ እኮ። የኤሌክትሪክ ነው።
ወንድሜ፣ መጀመሪያ በተኑን ተወው። ባጉረመረመ ቁጥር ሞተሩን እያቃጠልከው ነው።

ሚኪ ዳላስ፦
ሲሊኮን ስፕሬይ ንፋበት። ቦዩ ውስጥ ንፋና ሳብ፣ ይወጣል።

ጋሽ ካራቫን፦
ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ። ያ ነገር ጣሪያ አይደለም። በሁለት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንድ የተያዘ ጨርቅ ነው። ንፋስ ከሥሩ ሲገባ እንደ ጃንጥላ ይገለበጣል። እኔ በሰዓት 20 ማይል ገደማ ንፋስ ሲነሳ አላመነታም፣ እጠቀልላለሁ። ስተኛም ከካምፕ ስወጣም ተጠቅልሎ ነው። አንተ ያለህበት በረሃ ደግሞ በዚህ ወቅት ዝናብ ባይዘንብ እንኳ ከሩቅ ደመና ሥር የሚነሳ ድንገተኛ ንፋስ አለው። አቧራውን ስታየው ደርሶብሃል።
መረቡ ደግሞ ንፋስ ያሳልፋል ብለህ አትመን። የሚያሳልፈው ከፊሉን ነው። የቀረው መረቡን እየገፋ ቱቦውን ይጎትታል። ታች በጠንካራ ገመድ ካስማ ላይ ከቸነከርከው ክንዱ ነው የሚጣመመው። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከማድረግህ በፊት የታችኛውን ማሰሪያ ፍታ። አሁኑኑ ፍታው፣ ከዚያ መልሱን አንብብ።
ሌላም አለ። ቡና ልታፈሉ ነው መቼም። ረከቦቱንም ከሰሉንም ከሸራው ሥር አታድርጉ። ሸራው ብዙ ጊዜ ቪኒል ነው፣ አንዲት ፍንጣሪ ትበሳዋለች። ዕጣኑም ውጭ ይጨስ። ከሰል ማቀጣጠል የተፈቀደ መሆኑንም የካምፑን ጠባቂ ጠይቁ።

የቬጋስ ሹፌር፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የታችኛውን ፈታሁት። እውነትም ትንሽ ረጋ አለ። ግን መረቡ አሁንም ቱቦው ላይ አንድ ዙር ተጠቅልሏል። በተኑንም ትቻለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

ሚኪ ዳላስ፦
ሲሊኮን ስፕሬይ አልንህ እኮ።

የቬጋስ ሹፌር፦
ወንድሜ፣ ሲሊኮን የለኝም። ያለኝ የሞተር ግሪስ ነው።

አቡሽ ሲያትል፦
ግሪሱን አታስነካው! የበረሃ አቧራ ተለጥፎበት ነገ እንደ አሸዋ ወረቀት ሆኖ ይጠብቅሃል። ሻማ አለህ? ደረቅ ሳሙናም ይሆናል። የመረቡን ጠርዝ በሻማ እሸው፣ ዚፕ እንደሚታሸው ማለት ነው።

እንግዳው፦
እኔ ግን ያልገባኝ፣ ሸራው ላይ መስቀሉ ለምን አስፈለገ? ፀሐዩ ካስቸገረህ ትሬለሩን ማዞር ነበር። አሜሪካ ውስጥ በሩም ሸራውም ብዙ ጊዜ በስተቀኝ ነው። አፍንጫውን ወደ ሰሜን ካቆምከው ሸራው ወደ ምሥራቅ ይሆንና ከሰዓት በኋላ ትሬለሩ ራሱ ጥላ ይሆንሃል። ወደ ምዕራብ ካቆምከው ሸራው ሰሜን ያያል፣ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ፀሐይ አያገኝህም። አንተ ወደ ደቡብ አቁመኸው ነው የከሰዓቱ ፀሐይ ፊትህን የሚመታህ። መረብ የሚያስፈልገው አቋቋም ሲበላሽ ነው።

የዴንቨሯ፦
እንግዳው፣ ካምፕ ላይ ማቆሚያው የሚሰጥህ አቅጣጫ ነው እንጂ የምትመርጠው አይደለም። ቦታ ስትይዝ ካርታውን አይቶ መምረጥ ይቻላል፣ እሱን እቀበላለሁ። አሁን ግን ሰውየው ንፋስ ላይ ነው።

ባትሪ አዋቂ (ቱሰን)፦
ሁላችሁም ስለ ቦዩ ታወራላችሁ። እኔ ሞተሩ ነው ያሳሰበኝ። ጠያቂው፣ ያ ካምፕ የኤሌክትሪክ መሰኪያ የለውም። ከጠዋት ጀምሮ ምን ምን አብርታችኋል? ፓነሉ ላይ ባትሪው ስንት ያሳያል?

የቬጋስ ሹፌር፦
ሁለት ፋን ከጠዋት ጀምሮ ሲዞር ነበር፣ ሙቀቱ አይቻልም። መብራቶቹንም ለመሞከር ሁለት ሰዓት አብርቻቸዋለሁ። ፓነሉ ላይ ከአራቱ የባትሪ ምልክት መብራቶች አንዷ ብቻ ናት የምትበራው።

ባትሪ አዋቂ (ቱሰን)፦
አገኘኸው! ሞተርህ ሳይሆን ባትሪህ ነው የደከመው። የተለመደው የሊድ አሲድ ባትሪ ሲሞላና ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ነው። 12.1 አካባቢ ሲደርስ ግማሹ አልቋል። ከዚያ በታች ሆኖ የተጨናነቀ ሸራ ጎትት ስትለው ማጉረምረም ብቻ ነው የሚችለው። ፋኑንም መብራቱንም አጥፋ። ጄኔሬተር ካለህ አስነሳ። ከሌለህ የትሬለሩን ገመድ ፒክአፑ ላይ ሰካና ሞተሩን አስነስተህ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። በዚያ ቀጭን ሽቦ የሚመጣው ኃይል ትንሽ ነው፣ ግን ይረዳል። ፊውዙንም እይ።
ከዚያ መጀመሪያ የምትጫነው መጠቅለያውን ሳይሆን መዘርጊያውን ነው። እንዲዘረጋ አድርገው፣ የተጠቀለለው መረብ ይፈታል። መረቡ ሳይወጣ ብትጠቀልለው ሸራው ጠማማ ሆኖ ይገባና መንገድ ላይ ተከፍቶ ታገኘዋለህ።

አቡሽ ሲያትል፦
ትክክል። ሲዘረጋ መረቡን በገባበት በኩል መልሰህ ሳብ። አንድ ሰው ቱቦው ጋ መሰላል ላይ ሆኖ እየመራ፣ ሌላው ከቦዩ ጋር ትይዩ አድርጎ እየሳበ። ወደ ታች ከሳብከው ጠርዙ ቦዩ ውስጥ ይነክሳል። የቦዩን አፍም አየት አድርገው፣ ብዙ ጊዜ የሚቀረቀረው እዚያ ስለተጣመመ ነው። ካቻቢቴውን በፕላስተር ጠቅልለህ በቀስታ ከፈት አድርገው። ባዶ ብረት ከተጠቀምክ ሸራውን ትቀደዋለህ።
አንድ ጥያቄ፦ የመብራቱን ማንጠልጠያ የት ነው ያስገባኸው?

የቬጋስ ሹፌር፦
እዚያው ቦይ ውስጥ። ስምንት የብረት ማንጠልጠያ መጀመሪያ አስገባሁ፣ ከዚያ መረቡን።

አቡሽ ሲያትል፦
በቃ፣ መረቡ ማንጠልጠያው ላይ ነው የተደገፈው። ቱቦው ላይ ከአንድ በላይ ቦይ አለ። አንደኛው ሸራውን ራሱን የያዘው ነው፣ እሱን አትንካ። ባዶ ሆኖ የምታገኘው ነው ለእንዲህ ያለው ሥራ የተሠራው። ባዶው አንድ ብቻ ከሆነ ወይ መረቡን ወይ መብራቱን ምረጥ። መረቡን አስቀድመህ አስገብተህ ጠርዙ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች መብራቱን ብታንጠለጥልም ይሆናል።

ቤቲ ፊኒክስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ በዚህ መብራት ጉዳይ ሁለት ሸራ ስላበላሸን ልንገርህ ወንድሜ። አምፖል ያለው መብራት ሸራው ላይ ሰቅለህ አትጠቅልል። የእኛ ሸራ ላይ አምፖሉ የተጫነበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ ነጭ ነጥብ አወጣ፣ ከዚያ ሳሳ፣ በሁለተኛው ክረምት ውሃ ያንጠባጥብ ጀመር። መርፌ ቁልፍም አትጠቀም፣ የመርፌ ቀዳዳ እየሰፋ ይሄዳል።
አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። መብራቱ ጠፍጣፋው፣ በ12 ቮልት የሚሠራው ኤልኢዲ ነው። ሸራው ላይ ሳይሆን የትሬለሩ ግድግዳ ላይ ከሸራው መነሻ ሥር ለጠፍነው። ሲጠቀለልም አይነካውም። አምስት ሜትሩ 24 ዋት ነው፣ ሁለት አምፒር ማለት ነው። ማታ ለአምስት ሰዓት ያህል ቢበራ 10 አምፒር ሰዓት ይበላል። ባትሪህን አይጨርስም። ቀለሙን ቢጫ አድርገው፣ ነጩ ብርሃን የውሃ ዳሩን ትንኝ ሁሉ ይጠራብሃል።
ለልጆቹ ደግሞ በባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ መብራቶች በመሰላሉና በወንበሮቹ ላይ አንጠልጥልላቸው። አበባየሆሽ ሲሉ እያበሩ ይያዟቸው። የእኔዎቹ አምና እንዲህ አድርገው ችቦውን ረስተውታል።

ዳስ ጣዩ፦
ሰፈራችን ለሰርግ ዳስ ሲጣል ሃያ ጎረምሳ ነበር ምሰሶ የሚይዘው። አንተ ብቻህን በበተን ልትጥል ነው? በል እንግዶቹን ቶሎ ጥራቸው፣ ምሰሶ ይሁኑልህ!

ጋሽ ካራቫን፦
ዳስ ጣዩ ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ቁም ነገርም አለው። ሸራው አልጠቀለልም ካለና ንፋሱ ከደረሰ ብቻህን አትታገለው። ከሁለቱም ጫፍ ሰው ይቁም። አንዱን ክንድ ዝቅ አድርገው፣ ዝናብ ከመጣ ውሃው በዚያ ይፍሰስ። ውሃ ሸራው መሃል ከተቋጠረ ክብደቱ ብቻውን ይሰብረዋል። የዚያ አገር መሬት ድንጋይ ስለሆነ ካስማ አይገባም። አምስት ጋሎን የውሃ ጀሪካን ሙላና ክንዶቹን በሱ እሰራቸው፣ አንዱ 19 ኪሎ ገደማ ይከብዳል።
ከሁሉም በላይ የቱቦውን ጫፍ ክዳን እንዳትፈታ። በእጅ የሚጠቀለሉት ውስጥ የተጠመዘዘ ሞላ አለ፣ ሲለቀቅ እጅ ይሰብራል። የኤሌክትሪኩም ቢሆን መመሪያውን ሳታይ አትክፈተው። በአንዳንዱ ሞተር ጫፍ ላይ ትንሽ የጎማ ክዳን ትኖራለች፣ ከሥሯ በድሪል የሚዞር ቦታ አለ። ያንተ ካለው ባትሪ ሳያስፈልግ ያስገባልሃል።

የቬጋስ ሹፌር፦
ጎረቤት ያሉ ሽማግሌ ጄኔሬተራቸውን አዋሱኝ። ፋኑን አጠፋን። 25 ደቂቃ ቆይቼ መዘርጊያውን ስጫነው ዞረ! መረቡ ተፈታ። ባለቤቴ ጠርዙን በሻማ አሸችው፣ እኔ ከመሰላሉ ላይ መራሁት፣ ወጣ። አራተኛው ማንጠልጠያ ተጣምሞ ቦዩ ውስጥ ተሸጉጦ ነበር፣ በፒንሳ አወጣሁት። የመረቡ ጠርዝ አንድ ስንዝር ያህል ተልትሏል፣ ሸራው ግን ደህና ነው። አሁን ልጠቀልለው ነው። አቧራው ከሐይቁ ማዶ ይታየኛል።

ባትሪ አዋቂ (ቱሰን)፦
ጎበዝ! ጄኔሬተሩን ሳታጠፋ ጠቅልለው። በተኑን ይዘህ ሁለቱንም ክንድ እያየህ። አንዱ ከቀደመ ቁምና እንደገና ዘርጋው።

የዴንቨሯ፦
ሸራው ገባልህ?

ሚኪ ዳላስ፦
ለሚቀጥለው ሲሊኮን ስፕሬይ ይዘህ ውጣ ወንድሜ። ደረቅ የሚሆነውን ዓይነት፣ አቧራ የማይዘውን።

አዲስ ገቢ (አትላንታ)፦
ጤና ይስጥልኝ፣ ከሳምንት በኋላ ነው ያየሁት። እኔም ያንኑ መረብ ልገዛ ነው። ጠርዙ ላይ የተሰፋው ገመድ ውፍረቱ ስንት መሆን አለበት?

አቡሽ ሲያትል፦
እንደ ሸራው አምራች ይለያያል፣ ስለዚህ ለክተህ ግዛ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም እስክሪብቶ ውሰድ፣ ቦዩ ውስጥ ያለችግር የሚንሸራተተውንና ፊት ለፊት ሲጎተት የማይወጣውን ፈልግ፣ ውፍረቱን ለካ። ሻጩ ገመዱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ካልነገረህ አትግዛ። ርዝመቱን ደግሞ ከሸራው ጨርቅ ትንሽ አሳጥረው፣ ክንዱ ውስጥ እንዳይገባ።

ቤቲ ፊኒክስ፦
የቬጋስ ሹፌር፣ እንኳን አደረሳችሁ። ሸራው ገባ ወይ? ልጆቹስ መብራታቸውን አገኙ?