ሞላዋ የተቆረጠ ቪትዝ የፊት ጎማዎቿን በውስጥ በኩል እየጨረሰች ነው

ባለ ቪትዝ (ፒያሳ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ሞላዎቹን ካስቆረጥኩ በኋላ መኪናዬ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብላለች። የፊት ጎማዎቹ ከውጭ ሲታዩ አዲስ ይመስላሉ፤ እጄን በውስጥ በኩል ስሰድ ግን ጥርሱ ጠፍቶ የሽቦው ጫፍ ጣቴን ወጋኝ። አላይመንት የሠራልኝ ባለሙያ ካምበሩ (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚዘነብልበት መጠን) ማስተካከያ እንደሌለው ነገረኝ። አዲስ ጎማ ከመግዛቴ በፊት መፍትሔ ካለው ንገሩኝ።

መካኒክ (ሶማሌ ተራ)፦
ወንድሜ፣ አላይመንቱን ያሠሩት ሞላው ከተቆረጠ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው?

ባለ ቪትዝ፦
ከሦስት ወር በኋላ።

መካኒክ፦
እንግዲያው ጎማውን በዋናነት የፈጀው ካምበሩ ሳይሆን ቶው፣ ማለትም ጎማዎቹ ከፊት በኩል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚዞሩበት አቅጣጫ ነው። መኪና ዝቅ ሲል የጎማው አናት ወደ ውስጥ ከመዘንበሉም በላይ የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ ስለሚዛባ፣ ሦስት ወር ሙሉ አስፋልቱን እየፋቁ ሄደዋል። ካምበሩም ቢሆን መላ አለው። ሾክ አብዞርበሩን ከጎማው ተሸካሚ ጋር ከሚያስሩት ሁለት ብሎኖች አንዱን ለዚሁ በተሠራ የካምበር ብሎን ሲተኩት፣ አናቱን 1 ዲግሪ ገደማ ወደ ውጭ መመለስ ይቻላል፤ ተራ ቀጭን ብሎን ግን ፈጽሞ እንዳያስገቡ። ካምበሩ ሲነካ ቶው ስለሚለወጥ አላይመንቱ መጨረሻ ላይ ይሠራ።

አስቀድመው ይለኩ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁመው መሪውን ያቅኑ፤ ከፓራፋንጎው የግንበኛ ቱምቢ ያንጠልጥሉና ከክሩ እስከ ቸርኬው የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ያለውን ክፍተት ያወዳድሩ። ሁለቱ ጠርዞች 38 ሳንቲ ሜትር ከተራራቁ፣ እያንዳንዱ 6.6 ሚሊ ሜትር ልዩነት 1 ዲግሪ ነው።

አሽከርካሪ (ሜክሲኮ)፦
በብሎኑ እስማማለሁ፤ የተቆረጠውን ሞላ ይዞ መቀጠልን ግን አልደግፍም። የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ላይ በትክክል ስለማያርፍ፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲንጠለጠል ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ወይ ለመኪናዋ ተለክቶ የተሠራ አጭር ሞላ፣ ወይ የፋብሪካውን ይግጠሙ።

ባለ ቪትዝ፦
ለካሁ። በግራ 18፣ በቀኝ 11 ሚሊ ሜትር ልዩነት አገኘሁ።

መካኒክ፦
ግራው ወደ 2.7፣ ቀኙ ወደ 1.7 ዲግሪ መሆኑ ነው። ይህን ያህል የሚለያየው ሞላዎቹ እኩል ስላልተቆረጡ፣ ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ ጎሚኒ (ላስቲኩ) ስላለቀ ወይም አንድ አካል ስለተጣመመ ሊሆን ይችላል። ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ያለውን ከፍታ በሁለቱም በኩል ይለኩ፤ ግራው ካነሰ ሞላውን ይጠርጥሩ። ጎሚኒ ካስቀየሩም የክንዱ ብሎን የሚጠብቀው መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በጎማዋ ስትቆም ነው፤ ተንጠልጥላ ከጠበቀ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ጎማውን ከዚህ ሁሉ በኋላ ይግዙ፤ እስከዚያው ሽቦው በወጣ ጎማ አይንዱ።