ልጆች ያሏቸው ቤት አልባ ቤተሰቦች አንዱ ጋ በዝተው ሌላው ጋ የሚያንሱት ለምንድን ነው?

ግራ_ገባኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከወንድሜ ጋር ተከራክረን አልተግባባንም፣ እስቲ ገላግሉን። የአሜሪካን ቁጥር እያየን ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በአንድ ሌሊት በተደረገው ቆጠራ 771,480 ሰዎች ቤት አልባ ሆነው ተገኝተዋል። ከነዚህ ውስጥ 259,000 ያህሉ ልጅ ካላቸው ቤተሰቦች ናቸው፤ በአንድ ዓመት ብቻ 39 በመቶ ጨምረዋል። እዚህ ድረስ ገብቶኛል። ያልገባኝ አከፋፈሉ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ቤት ካጡት አብዛኞቹ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ናቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ የሚበዙት ብቻቸውን ያሉ አዋቂዎች ናቸው። ሚሲሲፒ በድህነት ከፊተኞቹ ሆና ሳለ ከሕዝቧ ቁጥር አንጻር ቤት አልባው እጅግ ትንሽ ነው። ይሄ እንዴት ይሆናል? ወንድሜ «መጠለያ የሚሰጥ ቦታ ሰው ይጎርፍበታል፣ በቃ» ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም።

ኪራይ_ያማረረው፦
ድህነት ብቻውን ሰውን ከቤት አያስወጣም። የሚያስወጣው ኪራይና ገቢ ሲራራቁ ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ኪራዩም እንደዚያው፤ ሰው ሥራ ቢያጣ እንኳ ርካሽ ክፍል አያጣም፣ ካልሆነም ትርፍ ክፍል ያለው ዘመድ ይኖረዋል። ቦስተን ወይም ኒውዮርክ ግን ሙሉ ቀን እየሠራህም አትችለውም።

ልጅ ሲኖር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ብቻህን ከሆንክ ከማንም ጋር ደባል ገብተህ ታልፈዋለህ። ሦስት ልጅ ይዘህ ማን ያስገባሃል? አሜሪካ ውስጥ «ልጅ አለህ» ብሎ አለማከራየት ከ1988 ጀምሮ በሕግ ክልክል ነው፣ አከራይ ግን ሰበብ አያጣም። ልብ በሉ፣ በዕድሜ ሲታይ መጠለያ የመግባት ዕድላቸው ከሁሉ የሚበልጠው ገና ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። እናት ስትወልድ ሥራ ታቆማለች፣ ገቢው ይቀንሳል፣ ኪራዩ ግን አራስ ናት ብሎ አይጠብቃትም።

ማኅበራዊ_ሠራተኛ፦
ኪራዩ ልክ ነው፣ ግን የቆጠራውን ነገር ካልጨመርክበት አከፋፈሉ አይገባህም። ማሳቹሴትስ በ1983 ባወጣችው ሕግ መሠረት መስፈርቱን የሚያሟላ ቤተሰብ መጠለያ የማግኘት መብት አለው። ኒውዮርክ ከተማም መብቱ በፍርድ ቤት በኩል መጥቷል፤ በ1981 ለብቸኛ ወንዶች ተጀምሮ ኋላ ላይ ቤተሰቦችን ጨመረ። እንደዚህ ባለ ቦታ እናት ልጆቿን ይዛ በር ታንኳኳለች፣ ትመዘገባለች፣ ቁጥር ውስጥ ትገባለች። ሕጉ በሌለበት ቦታ ያቺው እናት መኪና ውስጥ ታድራለች ወይ ዘመድ ላይ ትጠጋለች፣ ቆጣሪም አያያትም። ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ማለት ሁልጊዜ የባሰ ችግር ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤት ካጡት ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት መጠለያ የላቸውም፣ ውጭ ናቸው፤ ለዚህ ነው ሰው ቤት አልባ ሲባል ድንኳን ብቻ የሚታየው። በአገር ደረጃ ካየኸው ግን ልጅ ያላቸው ከ10 ዘጠኙ ገደማ መጠለያ ውስጥ ናቸው፣ መንገድ ላይ አታገኛቸውም።

መጠለያ ስል ደግሞ ምቾት አይምሰላችሁ። አንዳንድ ጊዜ የሆቴል ክፍል ነው። ሁለት አልጋ፣ አንድ ማይክሮዌቭ፣ ምድጃ የለም። ትልቁ ልጅ የቤት ሥራውን አልጋ ላይ ተንበርክኮ ይሠራል፣ ሕፃኗ እንዳትነቃ መብራቱ ይጠፋና እሱ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይጨርሳል። ጠዋት ደግሞ የድሮ ትምህርት ቤቱ ለመድረስ ረጅም የአውቶቡስ መንገድ አለበት።

ለንደን_ነኝ፦
እዚህም ያው ነው። እንግሊዝ በ2024 መጸው በአንድ ሌሊት ጎዳና ላይ ሲያድሩ የተቆጠሩት 4,667 ሰዎች ናቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ጊዜያዊ ማረፊያ ውስጥ ያሉ ልጆች ብቻ ከ160,000 በላይ ነበሩ! የትኛው ቁጥር ነው ዜና የሚሆነው? ጊዜያዊ ማረፊያ ካሉት አባወራዎችና እማወራዎች ከግማሽ በላይ የለንደን ናቸው፤ ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ያለው ቁጥር ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ምክንያቱም ኪራዩ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ልጅ ያለውን ቤተሰብ ቁርስ በሚሰጥ የእንግዳ ማረፊያ ከስድስት ሳምንት በላይ ማቆየት ከ2004 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ግን ይጣሳል። ለንደን ቦታ ሲጠፋም ቤተሰቡን ወደ ሌላ ከተማ ይልኩታል። እናት ሥራዋ እዚህ፣ ልጆቿ እዚያ።

የሁለት_ልጆች_እናት፦
በቁጥሩ ውስጥ ያልነበርኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ጥሎን ሲሄድ ኪራዩን ብቻዬን አልቻልኩትም፣ ጓደኛዬ ቤት ሳሎን ገባን። የምንተኛው እነሱ ቴሌቪዥን ሲያጠፉ ነው። ጠዋት ሳይነሱ ፍራሹን አጣጥፌ ከሶፋው ኋላ እከተዋለሁ፣ ልጆቼን በሹክሹክታ አለብሳለሁ። ትንሹ ካለቀሰ ይዤው ደረጃው ላይ እወጣለሁ። ማንም «ቤት አለሽ ወይ» ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልናገርም ነበር። ልጆቼን ይወስዱብኛል ብዬ እፈራ ነበር፣ እውነቱ ይሄ ነው። ያወቀብን ትምህርት ቤቱ ነው፣ አድራሻችን ሲቀያየርባቸው።

ማኅበራዊ_ሠራተኛ፦
እህቴ፣ አይዞሽ፤ እንዳንቺ ያለው ነው የሚበዛው። አሜሪካ ውስጥ የትምህርት ቤቶች ሕግ፣ የ1987ቱ፣ ሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖርን ልጅም ቤት አልባ ብሎ ይመዘግባል፤ በጥር ወር የሚደረገው የአንድ ሌሊት ቆጠራ ግን አይመዘግብም። ትምህርት ቤቶች በ2022–23 የትምህርት ዘመን ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ተማሪ መዝግበዋል። ከእነሱ ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሆነው ሰው ቤት ተደርቦ የሚኖር ነው።

ግራ_ገባኝ፦
ኧረ ይሄን አላውቅም ነበር። ታዲያ ወንድሜ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል በሉኛ?

ኪራይ_ያማረረው፦
ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ እንዳትሾፍበት። በ2024 ቁጥሩ ያሻቀበው በከፊል አዲስ ስደተኛ ቤተሰቦች ኒውዮርክ፣ ቺካጎ፣ ዴንቨርና ማሳቹሴትስ መጠለያ ውስጥ በመግባታቸው ነው። ማሳቹሴትስ በ2023 መጸው መጠለያ የሚገባውን ቤተሰብ በ7,500 የገደበችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሃዋይም ቁጥሯ የዘለለው በማዊ ደሴቷ ቃጠሎ የተፈናቀሉት ስለተቆጠሩ ነው። ግን ከዚህ ሁሉ በፊትም ማሳቹሴትስ ከፍተኛ ነበረች፣ ሚሲሲፒም ዝቅተኛ። ወንድምህን አንድ ነገር ጠይቀው፦ መብቱ ቢሰረዝ እነዚያ ልጆች የት ያድራሉ ነው የሚለው? ቤት ያገኛሉ ካለ፣ በየትኛው ኪራይ?

ማኅበራዊ_ሠራተኛ፦
ሁለት ቦታ ስታወዳድርም የጥር ወሩን ቆጠራ ብቻ አትይ፤ የትምህርት ቤቶቹን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጥ። ቆጠራው ትንሽ፣ የትምህርት ቤቱ ብዙ ከሆነ ቤተሰቦቹ አሉ፣ ሳሎን ውስጥ ናቸው።