ልብወለድ መጻፍ ከየት ልጀምር?

የሳቢያኗ፦
ሰላም የድሬ ልጆች፣ 17 ዓመቴ ነው፣ አጭር ልብወለድ መጻፍ በጣም እወዳለሁ ግን ሁሌ ሁለት ገጽ ላይ ስደርስ ይቆምብኛል። ባለፈው አንድ አስተማሪ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ አንብቦት ሁሉም ሳቀብኝ፣ ከዛ ወዲህ ደብተሬን ደብቄዋለሁ። አብሮኝ የሚጽፍ ሰውስ እንዴት ላግኝ?

የከዚራ ልጅ፦
አቦ አይዞሽ እህቴ! እንደዛ መደረግ አልነበረበትም። ታሪኩ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ባለታሪኳ አጥብቃ የምትፈልገው ነገር ስለሌላት ነው። አንድ ነገር አስፈልጊያት፣ ከዛ ከልክያት። ለምሳሌ በ1998ቱ የድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሌሊት አንዲት ሴት የወንድሟን ልጅ ፍለጋ ወጣች በይ፣ ጎርፉ መቼቱ ነው ታሪኩ ግን ፍለጋው ነው፣ ልጁን እስክታገኘው ወይ ተስፋ እስክትቆርጥ ድረስ ብዕርሽ አይቆምም።

ቀፊራ፦
ልክ ነው። እኔ ንግግር ላይ ልጨምር፣ እዚህ ሰው ባንድ ወሬ አማርኛ ኦሮምኛ ሶማሊኛ ቀላቅሎ ነው የሚያወራው፣ ጀማሪ ግን ሁሉንም እንደ ዜና አንባቢ ያናግራቸዋል፣ እኔም ስንት ዓመት እንደዛ ጽፌ ነው የገባኝ። ገበያ ስትሄጂ ስሚ፣ ቤት ገብተሽ ጻፊው፣ ከዛ ለብቻሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ምላስሽ የተደናቀፈበት ጋ አስተካክይ።

የከዚራ ልጅ፦
ስለ ሰው ረሳሁት፣ የሚያነቡ 3 ጓደኞች ይበቁሻል። አንባቢው "ደበረኝ" ብቻ አይበል፣ የቱ ጋ እንደሰለቸው በጣቱ ያሳይሽ። አንቺ ደግሞ መልስ ሳትሰጪ ጻፊው።

የሳቢያኗ፦
በጣም አመሰግናለሁ ❤️ ደብተሩን ዛሬ ማታ አወጣዋለሁ፣ ሁለት የክፍሌን ልጆች ሰኞ እጠይቃቸዋለሁ።