በወንድማችን ስም የካንሰር መታሰቢያ ፈንድ መክፈት እንፈልጋለን፤ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድማችን ባለፈው ዓመት ጭኑ ላይ በወጣ ሳርኮማ (ከጡንቻ፣ ከስብ፣ ከአጥንትና ከመሳሰለው የሚነሣ ካንሰር) አረፈ። እብጠቱ ስለማያመው "ጅማት ነው፣ ይሟሟል" እየተባለ ወራት ባከኑ። ለሕክምናውና አስከሬኑን ወደ አገር ለመላክ ጎፈንድሚ በሚባለው የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ ላይ ከተዋጣው 14,000 ዶላር ያህል ተርፏል። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ በስሙ ፈንድ ከፍተን ግማሹን ለምርምር፣ ግማሹን አዲስ አበባ ለሚታከሙ ሕሙማን ለማዋል አስበናል። እማዬ ደግሞ "የራሱ ድርጅት ይኑረው" ብላ ይዛናለች። እንዴት ይደረጋል?

መልስ (የሒሳብ ባለሙያ፣ ቨርጂኒያ)
ነፍስ ይማር፣ እህቴ። ከሁሉ በፊት ላዋጣው ሰው አሳውቁ። የሰጠው ለሕክምናና ለአስከሬን ነው፤ ሳይነገረው ለሌላ ነገር ቢውል ወሬ ይነሣል። ቅር ያለው ካለ ገንዘቡን መልሱለት።
ድርጅት ማቋቋሙ ራሱ አይከብድም። በዓመት የሚገባው ከ50,000 ዶላር፣ ንብረቱም ከ250,000 ካልበለጠ የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) ከግብር ነፃ ለመሆን የሚሞላውን አጭሩን ቅጽ፣ 1023-ኢዜድን ይቀበላል፤ ክፍያው 275 ዶላር ነው። ጣጣው ከዚያ ወዲያ ነው፦ ቦርድ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ዓመታዊ ሪፖርት። ሪፖርቱን 3 ዓመት በተከታታይ ያላስገባ ከግብር ነፃ የመሆን መብቱን ያጣል። ስንት የቤተሰብ ማኅበር እንዲህ ሆኖ ቀርቷል! ለ14,000 ዶላር ይህን ሸክም አልመክርም። አንድ ነባር በጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ኮሚዩኒቲ ፋውንዴሽን (የብዙ ለጋሾችን ፈንድ አንድ ላይ የሚያስተዳድር የአካባቢ ድርጅት) ውስጥ በስሙ ፈንድ ክፈቱ። ሒሳቡን እነሱ ይይዛሉ፣ ለጋሹም ለግብር የሚሆን ደረሰኝ ያገኛል፤ ጎፈንድሚ ላይ ለግለሰብ የሰጠ ግን ይህ የለውም።

መልስ (ላብራቶሪ ሠራተኛ፣ ቦስተን)
በ7,000 ዶላር ለብቻው ምርምር አይሠራም፤ ከሌላው ጋር ሲደመር ግን ይሠራል። አሜሪካ ውስጥ ብርቅዬ የሚባለው ካንሰር በዓመት ከ100,000 ሰው ከ15 በታች የሚይዘው ነው፤ ገዢው ጥቂት ስለሆነ መድኃኒት አምራቾች ብዙም አይቸኩሉለትም። ለዚህ ነው የቤተሰብ ገንዘብ ዋጋ ያለው። በቆመ ብስክሌት እየጋለቡ ገንዘብ የሚያሰባስቡበትን ሳይክል ፎር ሰርቫይቫልን እዩ፤ ጄኒፈር ጉድማን ሊን በ2007 (እ.ኤ.አ.) ስትጀምረው ራሷ የሳርኮማ ታማሚ ነበረች፣ ዛሬ ገቢው የኒው ዮርኩ የካንሰር ሆስፒታል ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ለሚያካሂደው የብርቅዬ ካንሰር ምርምር ይውላል። የትም ስጡ የት፣ "ለሳርኮማ ብቻ" የሚል ቃል በጽሑፍ ተቀበሉ።

መልስ (ነርስ፣ አዲስ አበባ)
እግዜር ያጽናችሁ። እኔ የማየውን ልንገራችሁ። ጨረር ታዞለት ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ሰው ለሳምንታት በየቀኑ መመላለስ አለበት። የሕክምናው ዋጋ ቢቀልለት እንኳ አልጋ ተከራይቶ ይቆይና ገንዘቡ ሲያልቅ፣ ፌስታሉን አንጠልጥሎ፣ ሳይጨርስ ወደ መናኸሪያ ይሄዳል። ማደሪያ፣ ምግብና ትራንስፖርት የሚሸፍን ፈንድ ሰው ያተርፋል። ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አነጋግሩ፤ በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው በደም ካንሰር ላረፈ ሕፃን መታሰቢያ ነው፣ የእናንተን ነገር ሳታብራሩላቸው ይገባቸዋል። ለሳርኮማ ታማሚ ደግሞ ከእብጠቱ ተቆርጦ የሚወሰደውን የናሙና ምርመራ ወጪ ቻሉለት፤ ዓይነቱ ሳይለይ መድኃኒት መጀመር በጨለማ መሄድ ነው። ጥሬ ገንዘብ በእጅ አትስጡ፤ ለሚያክመው ክፈሉና ደረሰኝ ያዙ።

መልስ (ዳላስ)
ምርምሩን ለፈረንጆቹ ተዉት፣ ሀብታም ናቸው። ሁሉም ለሕሙማኑ ይሁን።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዳላሱ ወንድሜ፣ ምርምሩን አንተውም፤ ሟቹ ራሱ አደራ ብሎናል። ድርጅቱን ግን ትተነዋል፣ እማዬን እሑድ አስረዳታለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የአጎታችን ልጅ አገር ቤት በካንሰር እየታከመ ነው፤ ከፈንዱ ሊረዳ ይችላል?

መልስ (የሒሳብ ባለሙያው)
ፈንዱ ለአንድ ለታወቀ ሰው ወይም ለቤተሰብ ተብሎ ሊከፈት አይችልም። መስፈርቱ ተጽፎ፣ መራጮቹም ዘመድ ያልሆኑ ሰዎች ሆነው እንደ ማንኛውም ታማሚ ቢያመለክት ሌላ ነገር ነው። እስከዚያው ለእሱ በግል አዋጡለት፤ እኔም አለሁበት።